ምኩራቡና የእናቶች ማጀት፦ ከወለቃ እስከ ጎንደር

ጎንደርን ለመጎብኘት የሄደ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የፋሲልን ግንብ ነው። ከዚያም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ በጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች አንገቱን ቀና አድርጎ ይመለከታል፤ ወደ ቁስቋም ይወጣል፤ ጥምቀት የሚከበርበትን የፋሲል መዋኛ ይዞራል። ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ከተማይቱን ያዳረሰ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ወለቃ በምትባለው መንደር ወርዶ ጥቂት ካልቆየ የጎንደርን ታሪክ በሙሉ አይቷል ማለት አይቻልም።

ወለቃ ግንብ የላትም። ያላት የጭቃ ቤት፣ የሸክላ ዕቃና አንዲት አነስተኛ ጸሎት ቤት ነው። ሆኖም ይህቺ ጸሎት ቤትና ዛሬ በጎንደር ከተማ ውስጥ ያለው ምኩራብ ስለ ሴቶች ሥራ፣ ስለ ቤተሰብ አንድነትና ስለ ጉርብትና የሚነግሩን ብዙ ነገር አለ። ስለ ቤተ እስራኤሎች ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ንጉሥ ሰሎሞንና ስለ ንግሥት ሳባ፣ ወይም በአውሮፕላን ስለ ተጓዙት ሰዎች ነው። ዳቦውን ማን ይጋግር ነበር? አራሷን ማን ይጠይቃት ነበር? ልጁ እንዳይራብ ማን ያስብ ነበር? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚሁ ላይ ይሆናል።

መስጊድም ይሏታል

የቤተ እስራኤል ሰዎች የጸሎት ቤታቸውን «ጸሎት ቤት» ወይም «መስጊድ» ይሉታል። የእስልምና ተከታዮች የጸሎት ሥፍራም መስጊድ ስለሚባል ስሙን ሲሰማ ግር የሚለው ሰው አይጠፋም። ቃሉ ግን ከግዕዙ «ሰገደ» የመጣ ሲሆን፣ መስገጃ ቦታ ማለት ነው። የታወቀው በዓላቸው ሲግድም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግንድ ነው።

በቀድሞው ጊዜ በየመንደሩ ይሠራ የነበረው ጸሎት ቤት ከሩቅ ሲታይ ከአካባቢው ጎጆዎች ብዙም የሚለይ አልነበረም። ክብ ሆኖ በጭቃ ይመረጋል፤ ሣር ይከደናል። መንደሩ የሚቆረቆረው ወንዝ አጠገብ ነበር፤ ምክንያቱም ያለ ወንዝ ውሃ የመንጻት ሥርዓት አይፈጸምም። በጸሎት ቤቱ ውስጥ የተከበረው ሥፍራ የኦሪቱ መጽሐፍ የሚቀመጥበት ነው። ኦሪቱ በብራና በግዕዝ ተጽፎ በመጽሐፍ መልክ የተጠረዘ ነበር። በሌላው ዓለም የሚገኙ አይሁዶች በዕብራይስጥ ከተጻፈ ጥቅል ሲያነቡ፣ የእኛዎቹ ቀሳውስት ጸሎቱንም ንባቡንም የሚያደርሱት በግዕዝ ነበር። ከጸሎት ቤቱ ውጪ፣ በግቢው ውስጥ፣ የፋሲካው በግ የሚሠዋበት ድንጋይ ይገኝ ነበር።

ግቢው ለጸሎት ብቻ የሚያገለግል አልነበረም። የተጣሉ ባልና ሚስት በሽማግሌ የሚታረቁት እዚያ ነው። ሙሽራው ነጭና ቀይ ፈትል በቄሱ እጅ ግንባሩ ላይ ሲታሰርለት ዘመድ የሚሰበሰበው ቄሱና ሽማግሌዎቹ ባሉበት ነው። ሐዘንተኛ የሚጽናናውም፣ የድኻ ልጅ ቁራሽ የሚያገኘውም ከዚሁ አካባቢ ነበር። በአጭሩ ዛሬ በከተማ ውስጥ ዕድሩ፣ ሽማግሌውና ቀበሌው ተከፋፍለው የሚሠሩትን ሥራ በዚያ ዘመን አንዲት የሣር ጎጆ ጠቅልላ ይዛው ነበር ማለት ይቻላል።

ዓርብ የእናት ሥራ ይበዛል

ሰንበት በቤተ እስራኤል ዘንድ የላቀ ክብር አላት። «ትእዛዘ ሰንበት» በተሰኘው የግዕዝ መጽሐፋቸው ውስጥ ሰንበት እንደ ሴት ሆና፣ በፈጣሪ ፊት ቆማ ስለ ሰዎች የምትማልድ ሆና ትቀርባለች። ሰንበት በሴት መመሰሏ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን እሷን ለመቀበል የሚደረገው ዝግጅት በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ የወደቀ እንደ ነበር አብሮ መነገር ይኖርበታል።

ሥራው የሚጀመረው ገና ከዓርብ ጠዋት ነው። ከቅዳሜ ዋዜማ ፀሐይ ከጠለቀችበት ጊዜ አንሥቶ በማግሥቱ ማታ እስክትጠልቅ ድረስ እሳት አይነድም፤ ውሃ አይቀዳም፤ እንጨት አይለቀምም። ስለዚህ የሁለት ቀኑ ሥራ በአንድ ቀን ማለቅ አለበት። እናት ዱቄቷን አቡክታ ዳቦዋን ትጋግራለች፤ ወጧን ሠርታ ታወርዳለች፤ እንስራዋን ሞልታ ታስቀምጣለች፤ የቤተሰቡን ልብስ ወንዝ ወርዳ ታጥባለች፤ ልጆቿን አጥባ ራሷም ትታጠባለች። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት እሳቱ ይጠፋል። ቅዳሜ የሚበላው ምግብ ቀዝቃዛ ነው፤ ቡናም አይፈላም። ቡና ለለመደ ሰው ይህ እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ እኛ የከተማ ሴቶች እናውቀዋለን!

ቅዳሜ ጠዋት ነጫጭ የለበሱት ሴቶች የጋገሩትን ዳቦ ይዘው ወደ ጸሎት ቤቱ ይሄዳሉ። ጸሎቱ ሲያበቃ ቄሱ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል፤ ለሁሉም ይታደላል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንዷ ከጤፍ፣ ሌላዋ ከስንዴ፣ ሦስተኛዋ ካገኘችው እህል የጋገረችው ዳቦ በአንድ ላይ ተባርኮ ሲታደል ባለጸጋይቱና ድኻይቱ አይለዩም። በዚያ ሳምንት ምንም መጋገር ያልቻለችውም መበለት ድርሻዋን ትቀበላለች። «እርዳታ» የሚባል ቃል ሳይነሣ፣ ሰጪው ሳይታበይ ተቀባዩም ሳያፍር፣ የተቸገረ ሰው የሚበላበት ዘዴ ነበር። ይህን የመሰለ ብልኃት ከእናቶች ማጀት የፈለቀ መሆኑ ሊያስደንቀን አይገባም።

የድንጋዩ አጥር

ስለ ቤተ እስራኤል ሴቶች ሲጻፍ ሊታለፍ የማይገባው ሌላው ጉዳይ የመርገም ጎጆ ነው። ሴት የወር አበባዋ በመጣ ጊዜ ከመንደሩ ዳር ወደምትገኝ፣ ዙሪያዋ በድንጋይ ወደ ታጠረ ትንሽ ጎጆ ገብታ ሰባት ቀን ትቆያለች። ስትወልድ ደግሞ ልጁ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን እስኪሞላት ድረስ ከቤቷ ተለይታ ትሰነብታለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ ጸሎት ቤት መግባት የለም፤ ከቤተሰብ ጋር አብሮ መብላትም የለም። ምግቧን የሚያመጣላት ሰው ከድንጋዩ አጥር ውጪ ቆሞ ያቀብላታል። ጊዜው ሲፈጸም ገላዋንና ልብሷን በወንዝ ታጥባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሥርዓቱ የተመሠረተው በኦሪት ዘሌዋውያን ትእዛዝ ላይ ነው።

ይህን ልማድ የሚሰማ የዛሬ ሰው ወዲያው «ኋላ ቀር» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። በእርግጥም በብርድና በዝናብ፣ በጠባብ ጎጆ ውስጥ ጨቅላ ይዞ መቀመጥ ለእናትም ለሕፃንም ጤና የሚበጅ አይደለም። ሴትን በተፈጥሮዋ ምክንያት «አትንኩኝ፣ አልንካችሁ» ብላ እንድትኖር ማድረግም ክብሯን የሚነካ ነው። ሆኖም ሥርዓቱን በሕይወታቸው ያለፉበት ሴቶች ስለ ጎጆዋ ሲያወሩ ቅሬታ ብቻ አይሰማባቸውም። በዚያ ዘመን ገጠር ውስጥ አንዲት ሚስት ወፍጮውንም፣ እንስራውንም፣ እንጨቱንም ትታ የምታርፍበት ሌላ ቀን አልነበራትም። በጎጆዋ ውስጥ ማንም አያዛትም። ከሌሎች ሴቶች ጋር ታወራለች፤ ስፌቷን ትሰፋለች፤ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ልጅ እግር ከታላላቆቿ የሕፃን አያያዝ ትማራለች። ባልና ጎረቤትም ቤቷ እንዳይበደል፣ ልጆቿ እንዳይራቡ ግዴታ ነበረባቸው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ጎጆዋን መልሰን እንሥራ የሚል አይደለም። እናት ማረፍ የምትችለው ርኩስ ተብላ ስትለይ ብቻ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። ንጹሕ ናት፣ ክብርት ናት እየተባለችም ልታርፍ ይገባታል። ይህ ጉዳይ በዛሬው የከተማ ኑሯችን ውስጥ፣ ከቢሮ ተመልሳ ምድጃ ለምትይዘው ሠራተኛ እናትም መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው።

በሠራችው ድስት እየበሉ

የወለቃ ሴቶች የሚታወቁት በሸክላ ሥራቸው ነው። አፈሩን ቆፍረው አምጥተው ይወቅጡታል፤ ይነፉታል፤ ከተፈጨ ገል ጋር ደባልቀው ያቦኩታል። ከዚያም ያለ አንዳች መሽከርከሪያ መሣሪያ በእጃቸው እያዞሩ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ እንስራውን ያበጃሉ። በለስላሳ ጠጠር ይወለውሉታል፤ ሲደርቅ በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኩሱታል። ባሎቻቸው ደግሞ ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች ነበሩ። ጎብኚ እየበዛ ከመጣ ወዲህ ሴቶቹ ትናንሽ የሸክላ ምስሎችንም መሥራት ጀመሩ፤ አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥት ሳባ በየመንገዱ ዳር ተደርድረው ይሸጡ ነበር።

ይህ ሁሉ ሙያ ግን ያተረፈላቸው ምስጋና አልነበረም። ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ «ቡዳ» ይባሉ ነበር፤ ቀን ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባል ነበር። ሕፃን በታመመ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደነሱ ነበር። ገበሬው እነሱ በቀጠቀጡት ማረሻ ያርሳል፤ ሚስቱ እነሱ በሠሩት ድስት ወጥ ትሠራለች፤ በጀበናቸው ቡና ታፈላለች። ማዕዱ ላይ የማይቀርቡት ሠሪዎቹ ብቻ ነበሩ። «ፈላሻ» የሚለው ስምም አገር አልባ፣ መጻተኛ የሚል ትርጉም ያዘለ በመሆኑ ራሳቸው አይወዱትም፤ ቤተ እስራኤል መባልን ይመርጣሉ። ብዙዎቹ ለዘመናት የራሳቸው ርስት ሳይኖራቸው በጭሰኝነት ኖረዋል። የገጠር መሬትን ለአራሹ ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ሲወጣ ለብዙዎቹ መሬት በስማቸው ሲያዝ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

በወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ የምትሸጥ አንዲት አዛውንት አግኝቼ ነበር። ራሷ ክርስቲያን ስትሆን ሙያውን የተማረችው በልጅነቷ ከቤተ እስራኤል ጎረቤቶቿ ነው። «እማማ፣ ሲሄዱ አዘኑ?» ብዬ ብጠይቃት ጀበናውን ከመወልወል ሳታቋርጥ፣ «ልጄ፣ ጎረቤት ሲሄድ የማያዝን ማን አለ? እጄን ያስለመዱኝ እነሱ ናቸው» አለችኝ። ዛሬ በመንደሪቱ ለሴቶች የእጅ ሙያ የሚያስተምር ማዕከል ይገኛል። ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ሸክላ እየሠሩ የሚተዳደሩበት ነው። ትናንት ሲያሰድብ የነበረው ሙያ ዛሬ የልጅ ደብተርና የቤት ኪራይ ይከፍላል።

ተራራው ላይ የሚወጡበት ቀን

ጸሎት ቤቶቹ ሁሉ በአንድ ላይ የሚገናኙበት በዓል ሲግድ ነው። ከአስተሰርዮ ጾም በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውል ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ላይ ይደርሳል። በጎንደር አካባቢ ከፍ ያለ ዝና የነበራት የበዓሉ ሥፍራ አምቦበር ናት። ሕዝቡ ከየመንደሩ ተጉዞ ከዋዜማው ይደርሳል፤ የአምቦበር እናቶች ቤታቸውን ለእንግዳ ይለቃሉ።

በበዓሉ ቀን ሁሉም ጾሞ፣ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ይነሣል። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙት ቀሳውስት ባለ ኅብረ ቀለም ጥላ ተይዞላቸው ኦሪቱን ይዘው ይቀድማሉ፤ ሕዝቡም ተከትሎ ተራራውን ይወጣል። ከምእመናኑ መካከል ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡ ነበሩ፤ ለፈጣሪ መገዛትንና ንስሐን ለማሳየት ነው። በተራራው ላይ ኦሪትና መጽሐፈ ነህምያ በግዕዝ ተነቦ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጎማል። እስራኤል ከባቢሎን ምርኮ ተመልሰው ቃል ኪዳናቸውን እንዳደሱ ሁሉ፣ እነሱም ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ይሰግዳሉ። ከቀትር በኋላ እየዘመሩና እልል እያሉ ይወርዳሉ፤ በጸሎት ቤቱ ግቢ ጾማቸውን ፈትተው ዳቦው ይቆረሳል፤ ጠላው ይቀዳል፤ እስክስታው ይደምቃል። የተራራቁ እህትማማቾች የሚገናኙት፣ ጋብቻ የሚታሰበው፣ በየመንደሩ ማን እንደ ሞተና ማን እንደ ወለደ የሚሰማው በዚህ ቀን ነበር።

መንገዱ በእናቶች ጀርባ

በ1969 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ስደት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እየበረታ ሄደ። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤሎች ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮቻቸው ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን አቀኑ። ጉዞው በአብዛኛው በሌሊት ነበር። ሕፃን በጀርባ፣ ስንቅ በራስ የተሸከሙት እናቶች ነበሩ። በመንገድና በሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ እጅ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚደርሱ ይገመታል፤ አብዛኞቹ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው ስውር ጉዞ ከሱዳን ወደ እስራኤል ብዙ ሺህ ሰዎች ተወሰዱ። ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓዙ። መቀመጫው ተነቅሎ የተጫነው አንዱ ትልቅ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ይዞ ነበር፤ በዚያ በረራ ላይ የተወለዱ ሕፃናትም አሉ።

በዚህ ሁኔታ በመንደሮቹ የነበሩት ጸሎት ቤቶች ባዶ ቀሩ። የወለቃዋም ዛሬ የምትታየው ለጎብኚ ሆና ነው።

ዛሬ በጎንደር

ይህ ማለት ግን ሁሉም ሄዷል ማለት አይደለም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በሚሲዮናውያን ስብከት፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰው የክፉ ቀን ረሃብ፣ እንዲሁም መሬት በማጣትና በስድብ ምክንያት ክርስትናን የተቀበሉ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ወደ አባቶቻቸው ሃይማኖት ተመልሰናል፣ ዘመዶቻችንን እንከተላለን ብለው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ መሬታቸውንና ከብታቸውን እየተዉ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ ገቡ። በጎንደር ከተማ ያለው ምኩራብ የእነዚህ ሰዎች ነው።

ምኩራቡ በቆርቆሮ የተሠራ ሰፊ አዳራሽ ነው። በውስጡ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ሆነው በመካከላቸው መጋረጃ አለ። ነጠላቸውን የተከናነቡት እናቶች ከሩቅ ለሚያያቸው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ይመስላሉ። ጸሎቱ ግን እንደ ጥንቱ በግዕዝ ሳይሆን በዕብራይስጥ ነው፤ ትምህርቱና ማስታወቂያው በአማርኛ ይነገራል። አያት ያልተማረችውን ፊደል የልጅ ልጅ ቆጥሮ ያሳያታል። እንዲህ ዓይነቱ የተገለበጠ ትምህርት ቤት የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነው።

በግቢው ውስጥ ከሚካሄዱት ሥራዎች ሁሉ ሕዝቡን በሙሉ የሚያንቀሳቅሰው የፋሲካ ቂጣ ዝግጅት ነው። ቂጣው ከዱቄትና ከውሃ በቀር ምንም አይገባበትም። ውሃው ዱቄቱን ከነካበት ደቂቃ አንሥቶ በ18 ደቂቃ ውስጥ ተቦክቶ፣ ተዳምጦ፣ ተጋግሮ ማለቅ አለበት፤ ያለዚያ እንደ ቦካ ይቆጠራል። ስለዚህ አንዱ ይለካል፤ አንዱ ያቦካል፤ ሌላው ይዳምጣል፤ ሌላው ይጋግራል፤ ሰዓት የሚጠብቅም አለ። ሊጡን ሦስት ቀን አስቡክታ እንጀራ መጋገር ለለመደች የጎንደር ሴት 18 ደቂቃ ምን ያህል አጭር እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በዚህ መልክ በሺህ ለሚቆጠር ሕዝብ የሚበቃ ቂጣ ይጋገራል። በፋሲካው ሌሊትም ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ሥፍራ ተሰብስቦ ከግብፅ የመውጣቱ ታሪክ ይተረካል።

በቀድሞው ሥርዓት ለፋሲካ ሌላም የሴቶች ሥራ ነበር። እርሾ የነካውን አሮጌውን የሸክላ ዕቃ ሰብረው አዲስ ይሠሩ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ የራሷን ድስት ሰብራ አዲስ ስታበጅ፣ ዓመቱ በእጇ እንደገና የተጀመረ ያህል ነው።

ከጸሎትና ከበዓል ውጪ ምኩራቡ የዕብራይስጥ ቋንቋ ማስተማሪያ፣ የወጣቶች መሰብሰቢያና የእናቶች መረዳጃ ነው። በተለያዩ ጊዜያት ከውጭ አገር በሚገኝ እርዳታ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ምግብ ሲታደል ቆይቷል። እርዳታው ግን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀንሳል፣ አንዴም ይቋረጣል። የማይቋረጠው የራሳቸው የሴቶቹ መደጋገፍ ነው። አንዷ የቀን ሥራ ስትወጣ ሌላዋ ልጅ ትይዝላታለች። ለቅሶ ሲደርስ ንፍሮውን የምትቀቅለው ጎረቤት ናት። ከገጠር መጥተው በኪራይ ቤት የሚኖሩ፣ እርሻ እንጂ የከተማ ሥራ የማያውቁ ቤተሰቦች የቆሙት በዚህ ነው።

የመጠበቅ ዕዳ

በጎንደር ምኩራብ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ጥበቃው ነው። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት የጠበቁ አሉ። የእስራኤል መንግሥት በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. የቀሩትን 9,000 ያህል ሰዎች ለመውሰድ ወስኖ ነበር፤ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮም በርካታ ሺህ ሰዎች በየጊዜው ተጉዘዋል። ይሁን እንጂ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገቡና ተራቸው ያልደረሰ ብዙ ናቸው።

አንደኛው ችግር የዘር አቆጣጠር ነው። በአገራችን ልማድ ልጅ የሚቆጠረው በአባቱ ነው፤ ሰው ስሙን ሲጠራ የአባቱን፣ የአያቱን እያለ ይወጣል። በአይሁድ ሕግ ግን የሚጠየቀው የእናት ወገን ነው። ለዘመናት የአያቷን የአባት ስም ስትቆጥር ያደገች ሴት፣ የእናቷን እናት እናት ስም አምጪ፣ ምስክርም አቅርቢ ስትባል ምን ታደርጋለች? የሴቶችን ስም መዝግቦ የማያስቀምጥ ልማድ ውሎ አድሮ ስንቱን ቤተሰብ ሊለያይ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አይገኝም።

ሁለተኛው፣ ወላጆች ሲፈቀድላቸው አግብተው የራሳቸውን ቤት የመሠረቱ ልጆች ወደ ኋላ መቅረታቸው ነው። በምኩራቡ ግቢ ያገኘኋት አንዲት እናት በአንድ እጇ ልጅ፣ በሌላው ስልኳን ይዛ ነበር። እናቷና ታናናሾቿ እስራኤል ናቸው። «እታለም፣ እናቴ ልጄን ያየችው በዚህ መስታወት ነው፤ አቅፋው አታውቅም» አለችኝ፤ ስልኩን እያሳየች። ላጽናናት ብፈልግ የሚሆን ቃል አልመጣልኝም።

በወዲያ ማዶ

በእስራኤል ዛሬ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ። እዚያም ቢሆን ኑሮው ቀላል አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ የሃይማኖት ባለ ሥልጣናት አይሁድነታቸውን ተጠራጥረው የመንጻት ሥርዓት ይፈጽሙ በማለታቸው ለአንድ ወር ያህል በኢየሩሳሌም አደባባይ ተቀምጠው ተቃውመዋል። የመርገም ጎጆው በአፓርታማ ኑሮ ውስጥ ቀርቷል። በአንጻሩ ዕቁቡና ዕድሩ፣ ቡናውና ጥሪው አብሮ ተሻግሯል። ሲግድም አልቀረም፤ በ2000 ዓ.ም. በሕግ የመላው እስራኤል በዓል ሆኗል። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ባለ ጥላዎቹ ቀሳውስት ኦሪቱን ሲያነቡ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች ከወታደር ልብስ ለባሽ ልጆቻቸው ጎን ቆመው ይታያሉ። የአምቦበር ተራራ እዚያ ድረስ ተጉዟል።

ውድ አንባቢያን! ወደ ጎንደር የምትሄዱ ከሆነ ግንቡን ካያችሁ በኋላ ወለቃ ጎራ በሉ። የምትገዙትን ጀበና ስታነሡ በማን እጅ እንደተሠራና ሠሪዋ ምን ስትባል እንደኖረች አስቡ። በቤታችንም «ቡዳ» የሚለው ቃል ከልጆቻችን አፍ እንዳይሰማ እናድርግ። ልጅ ይህን ቃል የሚማረው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከእኛው ከእናቶች አፍ ነውና። ሌላም አንድ የቤት ሥራ አለ። ለልጆቻችን የአያት ቅድመ አያት ስም ስናስቆጥር የእናቶችንም ስም እንጨምርበት። በጎንደር ምኩራብ የአንድ ቤተሰብ ዕጣ የሚወሰነው ማንም ባልጻፈው በአንዲት ሴት ስም ሆኗል። የእኛ ቅድመ አያቶች ስም ከመረሳቱ በፊት፣ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ፣ እናቶቻችንን ጠይቀን እንጻፈው።